በኖርፎክ የባሕር ዳርቻ በእግር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ለንደን ያለ ሐበሻ ባሕር ሲያምረው ብዙውን ጊዜ ብራይተን ነው የሚሄደው። ጥሩ ነው፣ አይከፋም። ግን ሰው የማይጋፋበት፣ መንደር ከመንደር እያገናኘ በረግረግና በአሸዋ መሀል የሚሄድ መንገድ ለሚፈልግ የኔ ምርጫ ኖርፎክ ነው። ወዳጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝን እዚህ አንድ ላይ አድርጌዋለሁ። ዓመተ ምሕረቱም፣ ወሩም፣ በጋና ክረምቱም ሁሉ በፈረንጅ ነው።

መንገዱ የት ተጀምሮ የት ያልቃል?

ስሙ ኖርፎክ ኮስት ፓዝ ነው። በምሥራቅ እንግሊዝ ከሃንስታንተን ተነስቶ ሆፕተን-ኦን-ሲ እስከምትባል መንደር ድረስ ወደ 135 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። በ1986 ሲከፈት ማብቂያው ክሮመር ነበር። በ2014 እስከ ሲ ፓሊንግ ተቀጠለ፤ በ2016 ደግሞ እስከ ሆፕተን። ሆልም ላይ ፔዳርስ ዌይ የሚባል ሌላ መንገድ ይገናኘዋል። እሱ ሮማውያን የሠሩትን ጥንታዊ መንገድ ተከትሎ ከደቡብ የሚመጣ ነው።

ሰው ስለ ረግረጉና ስለ መንደሮቹ ሲያወራ የሚያወራው ግን ስለ ፊተኛው ክፍል ነው፤ ከሃንስታንተን እስከ ክሮመር ያለው፣ 75 ኪሎ ሜትር ገደማ። እኔም ከዚህ በታች በአብዛኛው የምናገረው ስለ እሱ ነው። ምልክቱ የኦክ ዛፍ ፍሬ ሥዕል ነው። እንጨት ላይ እሱን ካያችሁ አልጠፋችሁም።

ክፍያ ወይም ፈቃድ አለው?

የለውም። ማንም ሰው በማንኛውም ሰዓት መራመድ ይችላል። የሚከፈለው ለመኪና ማቆሚያ፣ ለጀልባና ለአንዳንድ የወፍ ጥብቅ ቦታዎች ብቻ ነው።

ሁሉንም ለመራመድ ስንት ቀን ይፈጃል?

እስከ ክሮመር አራት ቀን ደህና ነው። ብዙ ሰው እንዲህ ይከፍለዋል፦ ከሃንስታንተን ብራንካስተር፣ ከብራንካስተር ዌልስ፣ ከዌልስ ክላይ፣ ከክላይ ክሮመር። እያንዳንዱ ከ16 እስከ 21 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። እንጦጦን ለወጣ እግር ዳገቱ ምንም አይደለም፤ እንዲያውም እስከ ዌይበርን ድረስ ዳገት የሚባል ነገር የለም ማለት ይቻላል። የሚያደክመው ሌላ ነው። ነፋሱና ጠጠሩ።

በነገራችን ላይ ይቺ ዌልስ፣ ካርዲፍ ያለባት ዌልስ አይደለችም። ሙሉ ስሟ ዌልስ-ኔክስት-ዘ-ሲ ነው። ቲኬት ወይም ማደሪያ በኦንላይን ስትፈልጉ ሙሉውን ጻፉ።

አንድ ቀን ብቻ ነው ያለኝ። የቱን ልምረጥ?

ከዌልስ እስከ ብሌክኒ። ወደ 13 ኪሎ ሜትር ነው፣ ሜዳ ነው፣ በሁለቱም ጫፍ አውቶቡስ አለ። በግራችሁ ረግረጉ እስከ አድማስ ተዘርግቷል፤ በቀኛችሁ እርሻና የመንደር ጣሪያ። ስቲፍኪና ሞርስተን መሀል ላይ ናቸው፣ ከደከማችሁ እዚያ ማቋረጥ ትችላላችሁ። በሐምሌ ስቲፍኪ አካባቢ ረግረጉ በባሕር ላቬንደር አበባ ሐምራዊ ይሆናል። ፎቶ ለሚወድ ሰው ያኔ ነው።

አሸዋ ካማራችሁ ግን ከበርንም ኦቨሪ ስቴዝ ተነስታችሁ በሆልከም በኩል ወደ ዌልስ ሂዱ፤ አሥር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መጀመሪያ በአፈር ግድብ ላይ ትሄዳላችሁ፤ ከዚያ የአሸዋ ኮረብታ፤ ከዚያ ሰፊው የሆልከም ዳርቻ። ከኋላው ያለው የጥድ ደን በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተተከለ ነው። ነፋስ የሚያንከራትተውን አሸዋ ይዞ ከጀርባ ያለውን እርሻ እንዲጠብቅ ነው የተከሉት። ነፋሱ ሲብስ ጫካው ውስጥ ገብቶ መሄድ ይቻላል።

ሁሉም ሰው ስለ ታይድ፣ ስለ ባሕሩ ሙላትና ጉድለት፣ ያስጠነቅቀኛል። ምኑ ነው እንዲህ የሚያስፈራው?

ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ አንድ መልስ ብቻ የምታነቡ ከሆነ ይሄን አንብቡ።

ጣና ወይም ሐዋሳ ዳር ላደገ ሰው ውሃ ያለበት ቦታ ይታወቃል፤ ጠዋት የነበረበት ማታም አለ። እዚህ እንደዚያ አይደለም። ባሕሩ በየ12 ሰዓት ከ25 ደቂቃው ይሞላል። በቀን ሁለት ጊዜ ገደማ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፤ ሰዓቱም በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ እየዘገየ ይሄዳል። ሃንስታንተን ላይ ትልቅ ሙላት በሚሆንባቸው ቀናት በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ልዩነት ወደ 6 ሜትር ይጠጋል፤ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ቁመት ማለት ነው።

ዳርቻው ደግሞ ዝርግ ነው። ዝርግ ስለሆነ ባሕሩ ሲጎድል በጣም ይርቃል፤ ሲመለስም ፈጥኖ ነው። ሰው የሚሳሳተው ውሃው ከፊት ለፊቱ የሚመጣ ስለሚመስለው ነው። ማዕበሉን እያየሁ ቀስ ብዬ ወደኋላ እላለሁ ብሎ ያስባል። ውሃው ግን መጀመሪያ የሚገባው በቦዮቹ ነው። ረግረጉን እንደ ደም ሥር የሚከፋፍሉት ቦዮች ናቸው። ዝቅ ያሉት እነሱ ስለሆኑ ከኋላችሁ፣ ከመንደሩ በኩል፣ ቀድመው ይሞላሉ። እናንተ የቆማችሁበት አሸዋ ገና ደረቅ ነው፤ መመለሻችሁ ግን ተዘግቷል። ስትመጡ ዘላችሁ ያለፋችሁት ቦይ አሁን ከወገብ በላይ ሆኖ እየጋለበ ነው፤ ታቹ ደግሞ የሚይዝ ጭቃ።

ዌልስ ባሕር ዳር ለዚህ ሲባል የማስጠንቀቂያ ሳይረን አለ። ውሃው መግባት ሲጀምር ይጮኻል። አሸዋው ላይ ካላችሁና ከሰማችሁት ፎቶ ሳትሉ ወደ ዳር ተመለሱ።

አሁን ደግሞ ደስ የሚለው፦ በምልክት የተመራው መንገድ አብዛኛው ከግድብ ላይ ወይም ከረግረጉ ጠርዝ ነው የሚሄደው። እሱን ካልለቀቃችሁ ታይዱ የሚያመጣባችሁ ጣጣ፣ በትልልቅ ሙላት ቀናት ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ጫማችሁን ማርጠብ ወይም ትንሽ ማስጠበቅ ነው። አደጋው የሚመጣው "እስቲ እዚያ ጋ ያለውን አሸዋ ልየው" ሲባል ነው።

የታይድ ሰንጠረዥ እንዴት ይነበባል?

ስልክ ላይ "የታይድ ሰዓት" ብላችሁ የቦታውን ስም ጨምሩ፤ ዌልስ ወይም ሃንስታንተን። በየሱቁም ትንሽ ቡክሌት ይሸጣል። ሁለት ነገር ታያላችሁ፦ ሰዓትና ቁመት። ቁመቱ ትልቅ የሆነ ቀን ውሃው ብዙ ቦታ ይሸፍናል። ይሄ የሚሆነው ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ፣ ከዚያም አንድ ሁለት ቀን ዘግየት ብሎ ነው። በዚህ ዳርቻ ትልልቆቹ ሙላቶች በአብዛኛው ማለዳና አመሻሽ ላይ ይውላሉ።

ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛው፣ አንዳንድ የታተሙ ሰንጠረዦች በበጋም በክረምት ሰዓት ስለሚጻፉ በበጋ አንድ ሰዓት መጨመር አለባችሁ። ቡክሌቱ መጀመሪያ ገጽ ላይ ይነግራችኋል። ሁለተኛው የኛው ነው። በቡድን ስትሄዱ አንዱ "ሙላቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው" ይላል፤ ግማሹ በሐበሻ ይሰማዋል፣ ግማሹ በፈረንጅ። ስድስት ሰዓት ልዩነት ማለት ሙላትና ጉድለት ተገለባበጡ ማለት ነው። ዋትስአፕ ግሩፑ ላይ "በፈረንጅ" ብላችሁ ጻፉት።

ረግረጉን አቋርጬ ባሕሩ ጋ መድረስ እችላለሁ?

አንዳንድ ቦታ የአካባቢው ሰው የሚሄድበት ዱካ አለ። እውቀት ያለው ሰው አብሯችሁ ከሌለ አልመክርም። ረግረጉ ከርቀት ሜዳ ይመስላል፤ ሲገቡበት ቦዩ ይጠማዘዛል፣ ቀጥታ ልሂድ ያለ ሰው መውጫው ይጠፋዋል። ጉም ከመጣ ደግሞ አቅጣጫም የለም።

ባሕር መንካት ብቻ ከሆነ የፈለጋችሁት ሆልከም ወይም ዌልስ ላይ ቀጥታ ትደርሳላችሁ። ረግረጉን ከዳር ሆናችሁ እዩት። ለማየት የሚበቃ ነገር አለው። ጭቃው ላይ መጀመሪያ የሚበቅለው ሳምፋየር ነው፣ ጨው የማይፈራ ተክል። እሱ ጭቃውን ይይዛል፣ መሬቱ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ከዚያ ሌሎቹ ተራ በተራ ይመጣሉ። ላቬንደሩ ያለበት ከፍ ያለው ክፍል ውሃ የሚያገኘው በትልልቅ ሙላቶች ጊዜ ነው። ይሄ ሁሉ ተክል የማዕበልን ጉልበት ይሰብራል። ስለዚህ ከኋላው ላሉት መንደሮች ረግረጉ ባዶ መሬት ሳይሆን አጥራቸው ነው።

ክላይ "ከባሕር አጠገብ" ተብላ ባሕሩ ግን የለም። የት ሄደ?

ይሄን ጥያቄ እወደዋለሁ። ክላይ-ኔክስት-ዘ-ሲ በአንድ ወቅት መርከብ የሚጨናነቅባት ወደብ ነበረች። እህልና ሱፍ ይወጣባት ነበር። ዛሬ የንፋስ ወፍጮዋ ሸምበቆ መሀል ቆሞ ይታያል፤ ባሕሩ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል።

የሆነው እንዲህ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ባለመሬቶች ረግረጉን በግድብ እያጠሩ ወደ ግጦሽ መሬት መለወጥ ጀመሩ። ረግረጉ ሲታጠር በየሙላቱ የሚገባውና የሚወጣው ውሃ ቀነሰ። የመርከብ መተላለፊያውን ጠርጎ የሚያጸዳው ደግሞ ያ የሚወጣው ውሃ ነበር። ጠራጊ ሲጠፋ ደለል ተከመረ፤ መርከብ መግባት አቃተው። ነጋዴዎቹ ያን ጊዜም አቤት ብለዋል፤ ወደቡ ግን አልዳነም። የዌልስም ታሪክ ይመሳሰላል፤ እሷ ግን እስከ ዛሬ ትንሽ ወደብ ይዛ ቆይታለች።

እዚያው ክላይ ያለው ረግረግ በ1926 ለወፎች ጥበቃ ተገዛ። የኖርፎክ ዋይልድላይፍ ትረስት የተመሠረተው በዚያ ነው፤ በብሪታንያ በካውንቲ ደረጃ ከተቋቋሙት እንዲህ ያሉ ማኅበራት የመጀመሪያው እሱ ነው።

ዌልስና ብሌክኒ ግድግዳ ላይ ያሉት የውሃ ልክ ምልክቶች ምንድን ናቸው?

ጎርፍ የደረሰበት ልክ ነው። ጥር 31 ቀን 1953 ሌሊት ከሰሜን የመጣ ከባድ ነፋስና ትልቅ ሙላት ተገጣጠሙ። ባሕሩ ግድቡን ጥሶ ገባ። በእንግሊዝ 307 ሰው ሞተ፤ በማዶ በኔዘርላንድስ ከ1,800 በላይ። ሃንስታንተን አካባቢ ባሕር ዳር በነበሩ ቀላል ቤቶች የሚኖሩ ብዙ ሰዎች በዚያ ሌሊት አለቁ። ማስጠንቀቂያ የሰጣቸው አልነበረም።

ታኅሣሥ 5 ቀን 2013 ተመሳሳይ ነገር መጣ፤ በአንዳንድ ቦታ ውሃው ከ1953ቱም በልጦ ነበር። በዚህ ጊዜ ግን ትንበያ ነበረ፣ ሰው ቀድሞ ወጣ። ምልክቶቹ አጠገብ ቁሙና ከራሳችሁ ቁመት ጋር አስተያዩት።

ከለንደን እንዴት ልሂድ?

ከኪንግስ ክሮስ ወደ ኪንግስ ሊን ባቡር አለ፤ ሁለት ሰዓት አይሞላም። ከዚያ በአውቶቡስ ሃንስታንተን። ኮስትላይነር 36 የሚባለው ከሃንስታንተን በመንደሮቹ በኩል እስከ ዌልስ ይሄዳል። ከዌልስ እስከ ክሮመር ያለውን ደግሞ ኮስትሆፐር ይሸፍነዋል። ስትመለሱ ከክሮመር ወይም ከሸሪንግም በባቡር ኖሪች፣ ከኖሪች ደግሞ ሊቨርፑል ስትሪት።

መኪና ያለው ሰው "በመኪናዬ አይሻልም?" ይላል። አይሻልም። መንገዱ ክብ አይደለም፤ የተራመዳችሁትን ሁሉ መልሳችሁ ለመራመድ ትገደዳላችሁ። መኪናውን አንድ ቦታ አቁማችሁ ጠዋት በአውቶቡስ ራቅ ብላችሁ ሂዱ፤ ከዚያ ወደ መኪናችሁ ተራመዱ። እንዲህ ሲሆን ማታ አውቶቡስ የሚያመልጠው ሰው የለም። በክረምትና በእሑድ አውቶቡሱ ስለሚቀንስ የዚያን ሳምንት ሰዓት ቀድማችሁ እዩ።

ኪንግስ ሊን ላይ ጊዜ ከተረፋችሁ ሊን ሙዚየም ግቡ። በ1998 ሆልም ባሕር ዳር አሸዋው ተሸርሽሮ የእንጨት ክብ ተገኝቶ ነበር። 55 የኦክ ግንዶች፣ መሀል ላይ ሥሩ ወደ ሰማይ የተገለበጠ ትልቅ ጉቶ። ዛፎቹ የተቆረጡት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2049 ነው፤ በግንዱ ቀለበቶች ነው ያወቁት። ለምን እንደሠሩት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ብዙው ግንድ ሙዚየሙ ውስጥ ነው።

እናቴ ከአገር ቤት መጥታለች። ልጆችም አሉኝ። ይሆናል?

ለእማማ ሆልከም። ከአውቶቡስ ፌርማታው እስከ ዳርቻው ቀጥ ያለ መንገድ ነው፣ ዳር ላይ የእንጨት መረማመጃ አለ፣ ካፌም አለ። ዌልስ ወደቡ ዳር ተቀምጦ ጀልባ ማየትም ራሱን የቻለ ቀን ነው። ነጠላው በነፋስ አይሆንም፤ ወፍራም ጋቢ ያዙላቸው።

ልጆች ዌልስ ወደብ ላይ ሸርጣን ማጥመድ ይወዳሉ። ክርና ትንሽ ቁራጭ ሥጋ፣ ባልዲ ውሃ። ከዚያ መልሶ መልቀቅ ነው። ጋሪ ግን በረግረጉ መንገድ ላይ አይሄድም ብላችሁ ቁጠሩት፤ ጭቃ አለው፣ ደረጃም አለው።

ከክላይ እስከ ዌይበርን ያለውን ለጀማሪ አልመርጥም። ጠጠር ነው። ሁለት እርምጃ ሄዶ አንዱን ወደኋላ መንሸራተት ነው። ከዌይበርን በኋላ ገደሉ ላይ ይወጣል፤ እዚያ እይታው ያምራል፣ ግን ገደሉ ለስላሳ አፈር ስለሆነ ይናዳል። ከጠርዙ ራቁ፤ ከሥሩም አትቀመጡ።

መቼ ልሂድ? ምን ልልበስ?

ከግንቦት እስከ መስከረም ለመራመድ ይመቻል። ሰኔ ላይ ብርሃኑ ከ16 ሰዓት በላይ ነው። ነሐሴ ሰው ይበዛል፣ ማደሪያም ይወደዳል። እኔን ከጠየቃችሁኝ መስከረም፤ እንቁጣጣሽ ሰሞን።

ክረምቱ ሌላ መልክ አለው፣ ከታች ስለ ዝይዎቹ እናገራለሁ። ግን በታኅሣሥ ከስምንት ሰዓት ያነሰ ብርሃን ነው ያላችሁ። የእጅ ባትሪ ያዙ፣ አጭር መንገድ ምረጡ።

ልብስ፦ ነፋስ የማያሳልፍ ጃኬት፣ በበጋም። ውሃ የማያስገባ ጫማ። ነጭ ስኒከር ለሠርግ አስቀምጡት።

ምግብስ? ጾም ላይ ከሆንኩ?

ክሮመር የምትታወቀው በሸርጣን ነው፤ ብራንካስተር ስቴዝ ደግሞ በመስል ዛጎል። ብዙዎቻችን አንበላም። ዓሣና ቺፕስ ግን በየመንደሩ አለ፤ እዚህ ጋ ልብ በሉ። አንዳንድ ቤቶች የሚጠብሱት በበሬ ሞራ ነው። ድንች ነው ብሎ በጾም የበላ ሰው ሳያውቅ ገድፏል ማለት ነው። "በምን ዘይት ነው የምትጠብሱት?" ብላችሁ ጠይቁ፤ አይቀየሙም፣ ቬጂቴሪያኖችም ይጠይቃሉ። ሐላል የሚፈልግ ደግሞ መንደሮቹ ውስጥ ብዙ አማራጭ አይጠብቅ፤ ኪንግስ ሊን ወይም ኖሪች ይሻላል።

ለጾም የሚሆን ግኝት ሳምፋየር ነው። በበጋ በየመንደሩ ደጃፍ ላይ ጠረጴዛ ተዘርግቶ ይሸጣል፤ ሻጭ የለም፣ ሳጥን ብቻ። ዋጋውን አንብባችሁ ሳንቲሙን ትጨምራላችሁ። አጥባችሁ ለአጭር ጊዜ ቀቅሉት፤ ጨው እንዳትጨምሩ፣ ራሱ ጨው ነው። ከዚያ በዘይትና በነጭ ሽንኩርት። ከረግረጉ ራሳችሁ ልትነቅሉ ግን አታስቡ፤ ባለመሬቱ ሳይፈቅድ ተክል ከነሥሩ መንቀል በሕግ የተከለከለ ነው።

ለመንገድ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና በሶ ያዙ። በሶ በውሃ ጠርሙስ ውስጥ በጥብጦ ለመሄድ ከዚህ የተሻለ ቦታ አላየሁም።

ሲሎቹን የት አያለሁ? ወፎቹስ?

ሲል የሚባሉት የባሕር እንስሳት ብሌክኒ ፖይንት ጫፍ ላይ ተኝተው ይውላሉ። በእግር አይኬድም ባይባልም ረጅም የጠጠር መንገድ ነው፤ በወሊድ ጊዜም ጫፉ ይዘጋል። ከሞርስተን የሚነሳው ጀልባ ይሻላል፤ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። የሚነሳበት ሰዓት በየቀኑ ይለያያል፣ ምክንያቱን አሁን ታውቁታላችሁ። ቦታ ቀድማችሁ ያዙ።

ግራጫዎቹ ሲሎች የሚወልዱት ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ጥር ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ ነጭ ጠጉር ያላቸው ግልገሎች ይወለዳሉ። እናት የምታጠባው ሦስት ሳምንት ገደማ ብቻ ነው፤ ሰው ቀርቦ ካስደነገጣት ትታው ልትሄድ ትችላለች። ግልገል ብቻውን ተኝቶ ካያችሁ ተጥሏል ብላችሁ አትንኩት።

ወፉ ብዙ ነው፣ እኔ በጣም የምመክረው ሁለት ነው። በክረምት ሮዝ እግር ያላቸው ዝይዎች ከአይስላንድና ከግሪንላንድ ይመጣሉ። ሌሊት ጭቃው ላይ ያድራሉ፤ ሲነጋ በሺዎች ሆነው እየጮኹ ወደ እርሻው ያልፋሉ፣ የተለቀመ የሹገር ቢት (ስኳር የሚወጣበት ሥር) ቅጠልና ቅሪት ፍለጋ። ሆልከም ላይ ማለዳ ቁሙ። ሁለተኛው አቮሴት ነው፤ ጥቁርና ነጭ፣ ምንቃሩ ወደ ላይ የተቆለመመ። እንግሊዝ ውስጥ መራባት አቁሞ ኖሮ በ1940ዎቹ ነው የተመለሰው። አቢጃታ ሐይቅ ዳር ወፍ የተመለከተ ሰው ወዲያው ያውቀዋል፤ ያው ዘር ነው። ቲችዌልና ክላይ ላይ በቀላሉ ይታያል።

ውሻ እፈራለሁ። ብዙ ነው?

ብዙ ነው፣ በተለይ ሆልከምና ዌልስ። አብዛኛው ሳይታሰር ይሮጣል፤ ባለቤቱም ከሩቅ "አይነካም!" ይላል። ቁሙ፣ አትሩጡ፣ እጃችሁን ዝቅ አድርጉ። "እባክህ ያዘው" ማለት ነውር አይደለም። ወፎች በሚፈለፍሉበት ወቅት በአንዳንድ ቦታዎች ውሻ መታሰር ግዴታ ስለሆነ፣ ለፈሪ ሰው ያን ጊዜ ረግረጉ ይሻላል።

ማደሪያ?

ዌልስ፣ ሸሪንግምና ክሮመር ላይ ሰፊ ምርጫ አለ። መንደሮቹ ውስጥ ፐብ ላይ ክፍል ይከራያል፣ ዋጋው ይቆነጥጣል። አንድ ቦታ አርፎ በአውቶቡስ መመላለስ በኪስም በጀርባም ይቀላል። ድንኳን በዳርቻው ላይ መትከል አይፈቀድም፤ ካምፕ ቦታ ፈልጉ።

ከክሮመር በኋላ ልቀጥል?

ረግረግ የለም፤ ገደልና አሸዋ ነው። ክሮመር ላይ ግን ቆዩ። እዚያ የሄንሪ ብሎግ መታሰቢያ አለ፤ በሕይወት አድን ጀልባ ላይ 53 ዓመት አገልግሎ ከጓዶቹ ጋር 873 ሰው ያዳነ ዓሣ አጥማጅ።

ከቀጠላችሁ ሄይዝብራ ትደርሳላችሁ። አጻጻፉ "ሃፒስበርግ" ይመስላል፤ ሹፌሩ የሚያውቀው ግን "ሄይዝብራ" ስትሉት ነው። መንደሯ እየተበላች ነው፤ የነበሩ ቤቶች ባሕር ገብተዋል። በ2013 እዚያ ዳርቻ ላይ ከ800,000 ዓመት በላይ የሆነው የሰው ዘር የእግር አሻራ ታየ፤ ከአፍሪካ ውጭ ከተገኙት ሁሉ የቆየው ነው። ባሕሩ በሁለት ሳምንት ውስጥ አጠፋው፤ ፎቶውና ልኩ ብቻ ቀረ። የሉሲ አገር ልጅ በዕድሜው ላይደነቅ ይችላል፤ እዚያ ቁመው ሲያስቡት ግን ይለያል።

አደጋ ቢመጣ ማንን ልጥራ?

999 ደውላችሁ "ኮስትጋርድ" በሉ፤ ፖሊስ ወይም አምቡላንስ አትበሉ። የመንደሮቹ ኔትወርክ ደካማ ነው፣ የ999 ጥሪ ግን የናንተ ኔትወርክ ባይኖርም በሌላ ድርጅት መስመር ሊያልፍ ስለሚችል ሞክሩ። የምታልፉበትን መንደር ስም ያዙ፤ "ረግረጉ ውስጥ ነኝ" ማለት ብዙ አይረዳቸውም፣ "ከስቲፍኪ በስተሰሜን" ማለት ይረዳቸዋል። ውሃ የከበበውን ሰው ለማውጣት ራሳችሁ ቦይ ውስጥ አትግቡ። ስልኩን ቻርጅ አድርጋችሁ ውጡ፤ ብርድ ባትሪ ይበላል።